ማንም ያልመታው ከበሮ

በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። ይህን ለማወቅ መቱ ውስጥ ዲያቆን መሆን አያስፈልግም፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሱፊያን እንኳን ከበሮው ዝም ሲል ነው «ጾማችሁ ገባ ማለት ነው» የሚለን። ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምራሉ፣ ከበሮና ጸናጽል ዕቃ ቤት ገብተው ትንሣኤን ይጠብቃሉ። በዚህ መሀል ከበሮ ከጮኸ አንድም ሰው አብዷል፣ አንድም ሰይጣን ገብቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ረቡዕ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ ዘቢደር ሱቃቸው ውስጥ ምስር እየመዘኑ ሳለ ከግድግዳው ማዶ ከበሮ ሰሙ። ሚዛኑን ትተው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ከበሮ ነው። ያውም ትልቁ፣ የደብሩ ከበሮ፤ ሲመታ ጉንፋን የያዘው ሰው ደረት ውስጥ የሚገባው።

ከግድግዳው ማዶ ያለው የፋሲል የሥራ ክፍል ነው። ፋሲል ሶፋ ሠሪ ነው፤ መቱ ውስጥ የተቀመጣችሁበት ሶፋ ካልቆረቆራችሁ የእሱ ነው። ግን አያቱም አባቱም የደብሩን ከበሮ ሲወጥሩ የኖሩ ናቸው። ቆዳው ሲረግብ፣ ከበሮው ሥራ በማይኖረው በጾም ወቅት ወደ እነሱ ቤት ይመጣል፤ ለትንሣኤ ተወጥሮ ይመለሳል። የደብራችን ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ቆዳውን የወጠረው እጅ የትንሣኤን የመጀመሪያ ምት ይመታል። የፋሲል አባት ካረፉ ወዲህ ቆዳው ሲረግብ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ልጁ ለብቻው የወጠረው፣ በአባቱ ቦታም ቆሞ የሚመታው ዘንድሮ ነበር።

እትዬ ዘቢደር ክፉ ሰው አይደሉም። የሰሙትን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገሩት። ያ አንድ ሰው ግን መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ናቸው።

መሪጌታ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የወንድማቸው ልጅ ህሊና ናት እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው። ጆሯቸው ግን ሌላ ነገር ነው። አጥር ውጭ ቆመው፣ ከዘማሪዎቹ መሀል ቁርስ በልቶ የመጣው የትኛው እንደሆነ በድምፁ ያውቃሉ ይባላል። ይሄን እኔ አይደለሁም ያወራሁት። እሳቸው የዘቢደርን ነገር ሰምተው አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ነው ሰውን ያስፈራው። «ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ይቅረብ» አሉ። «መትቶት ከሆነ ከበሮው ጎሬ ከተማ ወዳለ ሌላ ወጣሪ ይሄዳል። እሱም ከዚህ በኋላ ከበሮ አይነካም።»

እኔ ጅራታ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ኪዮስክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም እጭናለሁ። ስለ እኔ መቱ ላይ ብዙ ይወራል፤ ግማሹን ያወራሁት ራሴ ነኝ። የሶር ፏፏቴ በዓመት አንድ ቀን ወደ ላይ ይፈሳል ብዬ ለአንድ አዲስ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነግሬው፣ ሰውዬው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቀኑን ሙሉ አንጋጦ ውሎ ተመለሰ። «ትናንት ነበር፤ አመለጠህ» አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሰው መለሰው።

የፋሲልን ምሥጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱን ለመንገር ከዝንጀሮ መጀመር አለብኝ።

ሁሩሙ አካባቢ በቆሎ የሚዘራ ጉርሙ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ዝንጀሮ ማሳውን ጨረሰበት። «ዝንጀሮ የሚያባርር ድምፅ አለህ ወይ?» አለኝ። ፈልጌ ፈልጌ አንድ የፈረንጅ አልበም አገኘሁ፤ ሄቪ ሜታል የሚሉት ዓይነት። ጊታሩ ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ገመድ ጣሉልኝ የሚል ነው የሚመስለው። ከበሮውን የሚመታው ሰው በእጁ አልበቃው ብሎ በሁለት እግሩም ይመታል። ጫንኩለት። ጉርሙ ስፒከሩን ማሳው ላይ ሰቅሎ ከፈተው፤ ዝንጀሮዎቹ በዚያው ጠፉ። ከመካከላቸው አንዷ ቡሬ ላይ ሚኒባስ ስትጠብቅ ታይታለች የሚለውን ግን ሰው ነው የጨመረበት። ከዚያ ወዲህ አልበሙ በእኔ ኪዮስክ «የዝንጀሮው» ተብሎ ይጠራል።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ፋሲል የበገና መዝሙር ሊያስጭን መጣ። እኔ ለአንድ ገበሬ የዝንጀሮውን እያሰማሁ ነበር። ሌላው ሰው ጆሮውን ይዞ ይሸሻል፣ ፋሲል ቆመ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ማነው?»

«የሚጮኸው።»

እኔ ምን አውቄ። ከበገናው ጋር ጫንኩለት።

እንግዲህ ረቡዕ ማምሻውን ወሬው መናኸሪያ ሲደርስ ኪዮስኬን ዘግቼ በጓሮ በር ገባሁ። ፋሲል ከበሮው ፊት ተንበርክኳል። ቆዳው ላይ ጤፍ በትኗል። ስፒከሩ ከበሮው አጠገብ ተቀምጧል፤ ጠፍቷል።

«ልትዘራው ነው?» አልኩት ጤፉን እያየሁ።

አልሳቀም። «የአባቴ ዘዴ ነው። በጾም አይመታም፤ ቆዳው እኩል መወጠሩን ደግሞ ማወቅ አለብህ። ጤፍ ትበትናለህ፣ አጠገቡ ቆመህ በወፍራም ድምፅ ታዜማለህ። ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጤፉ ይሄዳል። አካሄዱን አይተህ ጠፍሩን ታጠብቃለህ።» ጉሮሮውን ነካ አደረገ። «አባቴ ድምፁ የበሬ ነበር። የኔ ድምፅ ጤፍ አያንቀሳቅስም።»

«እና የዝንጀሮውን ከፈትክበት።»

«በገናውን ሞከርኩ። አልነቃም። ይሄኛው ግን…» መዳፉን ከቆዳው በላይ ዘረጋ፣ ሳያስነካ። «ከእጅ በላይ ነው የሚያናግረው።»

«እትዬ ዘቢደር ከበሮ ሰማሁ እያሉ ነው።»

«ሰምቻለሁ። የዘፈኑን ከበሮ ነው የሰሙት።»

«እሱን ብትነግራቸውስ?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከበሮ መታሁ ቢል ሐሰት ነው፣ ከበሮውንም ያጣል። አልመታሁም ቢል «ታዲያ ምን ነበር?» ይባላል። በጾም፣ የደብሩን ከበሮ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሰው እንደ ሰይጣን ጩኸት የሚሸሸውን ዘፈን ከፍቶ ነበር። እሱን ሲናገር ከበሮውን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

«ተወው፣ እኔ አለሁ» አልኩት። «የሶፋ ስፖንጅ ስትወቅጥ ነበር እንላለን። ካልሆነም ነጎድጓድ። ካልሆነም ጎሬ ላይ መንገድ ለመሥራት ድንጋይ በደማሚት…»

«አትዋሽልኝ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ጅራታ፣ ማሎ። በጾም አልዋሽም። አንተም በእኔ ስም አትዋሽ።» ማሎ ሲለኝ፣ ልመናው በኦሮምኛ ሲሆን፣ እምቢ ማለት አልችልም። እናቴ ናት ያስለመደችኝ።

ከዚያ ስለ አልበሙ ነገረኝ። ዘጠኝ ዘፈን ነው። ግጥሙን ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገለ አንብቦታል። አንድ ሰው ልጁ ሞቶበታል። በየዘፈኑ ከእግዚአብሔር ጋር ይጣላል። «ሰው ይሄን የሰይጣን ጩኸት ይለዋል» አለኝ። «ሰይጣን ልጁ ሞቶበት ያለቅሳል እንዴ? እኔ አባቴ ሲሞት እንዲህ መጮህ ፈልጌ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝም አልኩ፣ ቤት መጥቼ ዝም አልኩ። ይሄ ሰው የኔን ጮኸልኝ።»

«በቃ ጻድቅ ነዋ።»

«አይደለም። ሰባተኛው ላይ ያበላሻል። እሱን አልሰማውም፤ እዘለዋለሁ።»

ከበሮውን በጨርቅ ሸፈነው። ጠፍሮቹን፣ የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ ናቸው የሚሏቸውን፣ አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። ቅዳሜ የሚወስዱበት መስሎት እንደሆነ ገባኝ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። መሪጌታ መሀል ተቀምጠዋል፣ መቋሚያቸው ጉልበታቸው መሀል ቆሟል። ህሊና ከጎናቸው ናት። ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል። እትዬ ዘቢደር ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ከማንም ጋር ላለመተያየት ይጥራሉ።

«ፋሲል፣ ከበሮውን መታኸው?»

«አልመታሁም፣ መሪጌታ።»

«እትዬ ዘቢደር?»

«እኔ ልጁን እንደ ልጄ ነው የማየው» አሉ ዘቢደር። «አባቱ ሲያርፉ ሦስት ቀን ያልበላ ልጅ ነው፣ ገንፎ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው? ከበሮ ነው የሰማሁት።»

«ያልመታኸው ከሆነ ምን ነበር?» አሉ መሪጌታ።

ፋሲል ዝም አለ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ጥፋት እየመሰለ ሄደ፤ ግድግዳውን የተደገፉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። አልቻልኩም፣ ተነሣሁ።

«ዘፈን ነው፣ መሪጌታ። የፈረንጅ ዘፈን። የጫንኩለት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንፈስ አለ። አንዱ ሽማግሌ «ጀመረ ደግሞ» አለ። ከኋላ ሌላው «ዝንጀሮዋስ አብራ ነበረች?» ሲል ሳቅ ተነሣ።

«ጅራታ፣ ቁጭ በል» አሉ መሪጌታ። «ለወዳጅህ ብለህ ነው፣ አልፈርድብህም። ግን ከበሮና ዘፈን የማትለይ ሴት አድርገህ እትዬ ዘቢደርን አትስደብ።»

ሰው ፊት ቆሜ እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የገዛኝ የለም።

«እውነቱን ነው» አለ ፋሲል።

ሳቁ ተቆረጠ። የጅራታ እውነት ርካሽ ነው፤ የፋሲል ግን እንደዚያ አይደለም።

«በጾም?»

«በጾም።»

«ከደብሩ ከበሮ ጋር፣ በአንድ ክፍል?»

«አዎ፣ መሪጌታ። ግን እኔ…»

«ግን እኔ የሚለውን አቆየው።» መሪጌታ ተነሡ። «መጀመሪያ አንዱ ይለይ። ዘፈኑ በዚያው ክፍል ይከፈት፣ እትዬ ዘቢደርና እኔ በሱቁ በኩል እንስማ። የሰማችው ያ ከሆነ ትለየዋለች። ከበሮው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ማንም እጅ እንዳይሰድበት።»

ፍርዱ ለሁሉም ትክክል መሰለ። እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር።

ፋሲል ክፍል ስንደርስ ሁለት ሰዎች ከበሮውን አንሥተው የእትዬ ዘቢደር ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ፋሲል አጠገቡ ቆመ። እኔ የፋሲልን ስልክ ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። «ክፈት» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። ከፈትኩ። ሶፋዎቹ ላይ ያለው አቧራ ተነሣ። መጨረሻ ድረስ ጨመርኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ተርገበገበ።

አጠፋሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።

«አይ» አሉ እትዬ ዘቢደር። «አይ፣ መሪጌታ። ይሄ ቆርቆሮ ነው። እኔ የሰማሁት ሆድ አለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ባልሆን ይሻለኝ ነበር።»

በመስኮቱ አየሁ። ፋሲል ፊቱ እንደ ጾም ሽሮ ገርጥቷል። ስለ ዘፈኑ አምኖ በነፍሱ ላይ ፈረደ፤ አሁን ደግሞ ዘፈኑን ከበሮ መምታቱን ለመደበቅ የፈጠረው ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገመድ አመጣ። ከበሮውን ማሰር ጀመረ። ሌላው ባጃጅ ሊጠራ ወደ አስፋልቱ ወረደ።

እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ከበሮው የነበረበት ቦታ ላይ ጤፍ ተበትኗል። ጥቂቱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከከበሮው የወረደው ጤፍ። ፋሲል ምን ነበር ያለኝ? ቆዳው ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ቆዳ ደግሞ፣ ሆድ ያለው ዕቃ ላይ ከተወጠረ…

ሮጬ ወጣሁ። «መልሱት። ከበሮውን ወደ ክፍሉ መልሱት።»

«አሁን ደግሞ ምን አመጣህ?» አለ ገመድ የያዘው።

«ከበሮው ይመልሳል። ዘፈኑ ሲጠራው ይመልሳል። እትዬ የሰሙት እሱን ነው።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ያኔ አንድ መራራ ነገር ተረዳሁ፦ ይሄ እውነት፣ በሕይወቴ ከዋሸሁት ከማናቸውም ይበልጣል። ሶር ወደ ላይ ፈሰሰ የሚለው እንኳን ከዚህ ይልቅ ይታመናል።

«ያለ እጅ?» አለ ሽማግሌው።

«ያለ እጅ።»

«ልጄ፣ ከበሮው ዲቁና ተቀብሏል በልና ጨርሰው።»

ፋሲል ግን ወደ እኔ ዞረ። ዐይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «መሪጌታ» አለ፣ «ጤፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ውጭ የሚሰማ ድምፅ ያለው አልመሰለኝም ነበር። ስፒከሩ ሲጮኽ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ መለየት አይቻልም።»

መሪጌታ ራሳቸውን ወደ ከበሮው አዘነበሉ። ገመዱ ቆዳው ላይ ሲፋተግ የሚሰማውን ትንሽ ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

«ፍታው» አሉ ባለገመዱን። «ከበሮው ይግባ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ህሊና ታያለች። ፋሲል ከእትዬ ዘቢደር ጋር ሱቁ ውስጥ ይሁን። አንተ ጅራታ፣ ከከፈትክ በኋላ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ገባን። ህሊና ጤፉን ቆዳው ላይ በተነች። እሷ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ የክፍሏን ተማሪዎች እንደምትቆጣጠር እጆቼን ተቆጣጠረች። ከፈትኩና እጄን ከተትኩ።

ጊታሩ ቀደደው። የመጀመሪያው የእግር ከበሮ ሲገባ ጤፉ ዘለለ።

«እየሄደ ነው» አለች ህሊና ጮክ ብላ፣ በጆሯቸው። «ጋሼ፣ ጤፉ እየሄደ ነው። ማንም አልነካውም።»

መሪጌታ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቆዳው ላይ አላሳረፉትም። ጣቶቻቸው አየሩ ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ከእርጅና ይሁን ከከበሮው አላውቅም። ህሊና ዘፈኑን ቀነሰችው። ያኔ እኛም ሰማነው፤ ከጩኸቱ ሥር፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ።

ግድግዳው ተንኳኳ።

«ይሄ ነው» አሉ እትዬ ዘቢደር ከማዶ። ድምፃቸው ውስጥ ለቅሶ ነበረበት። «በቃ፣ ይሄ ነው።»

ያበቃ መስሎኝ ስልኩን ላጠፋ ስል መቋሚያው ደረቴ ላይ አረፈ።

«ማን አጥፋ አለህ? ፋሲልን ጥሩት።»

ፋሲል ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አልመታኸውም» አሉ መሪጌታ። «ግን ከበሮው መልሷል። የደብር ከበሮ ዝም ባለበት ወራት ከማን ጋር ሲነጋገር እንደነበር ማወቅ አለብኝ። ጩኸቱን ሰማሁ፤ አሁን ቃሉን እሰማለሁ። ህሊና፣ ተርጉሚ። ቃሉ የጠላት ከሆነ፣ ከበሮውም ልጁም ከእኔ ጋር አይሆኑም።»

የከፈትኩት አራተኛውን ነበር። አምስተኛው እየመጣ ነበር። ከእሱ በኋላ ስድስተኛው አለ። ከዚያ ሰባተኛው።

ህሊና ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ አድርጋ ቃል በቃል አወጣችው። «አልጋው ባዶ ነው ይላል። አልጋውን በቡጢ እመታለሁ ይላል… ስምህን ጠራሁ፤ የመለሰልኝ ጣሪያው ብቻ ነው።»

«እግዚአብሔርን ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ዳዊትም "ለምን ተውኸኝ" ብሏል፣ መሪጌታ» አለ ፋሲል።

«ዳዊት ሲጮኽ ወደ ማን እንደሚጮኽ ያውቃል።»

«ይሄም ያውቃል። የሌለን ማን ይቆጣዋል?»

ስድስተኛው ገባ። ስድስተኛው ቃል የለውም፤ ከበሮ ብቻ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ እንደ ቀብር ጉዞ። እየቆየ ይፈጥናል። የመሪጌታ መቋሚያ ወለሉን ነካ። እንደገና ነካ። ህሊና አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ወለሉን አየን። በጾም መቋሚያ አልተከለከለም።

ስድስተኛው ሊያልቅ ሲል እጄ ከኪሴ ወጥቶ አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበረ። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው፤ ሰባተኛው ይዘለላል፣ ስምንተኛው ይገባል፣ ማንም አያውቅም። ከዚህ የቀለለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፤ አፍ እንኳን አያስከፍትም። ፋሲልን አየሁት። ጣቴን እያየ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፦ ተወው።

ተውኩት።

ሰባተኛው ገባ። ህሊና አንድ መስመር ተረጎመች። ሁለተኛው ላይ ቃሏ ተቆረጠ። «ጋሼ፣ ይሄን በአፌ አልለውም።»

«ስድብ ነው?»

«ስድብ ነው።»

«አጥፋው» አለ ፋሲል። አጠፋሁት። ክፍሉ ውስጥ ከበሮው ብቻ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እሱም ዝም አለ።

«ይሄ እንዳለበት ታውቅ ነበር?» አሉ መሪጌታ።

«አውቅ ነበር።»

«ትሰማዋለህ?»

«አንዴ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እዘለዋለሁ።»

«የምትዘለው ከሆነ ለምን ከስልክህ አላጠፋኸውም?»

ይሄ ጥያቄ ለእኔ ቢቀርብ አሥር መልስ ነበረኝ። ፋሲል ግን አንድ ብቻ ነበረው።

«ስምንተኛው ያለ እሱ ትርጉም የለውም» አለ። «ስምንተኛው ላይ ሰውዬው ድምፁ ተዘግቷል። አይጮኽም። "ይሄን ሁሉ ብዬህ በሩ ክፍት ነው፤ ማነው ያልዘጋው?" ነው የሚለው። ሰባተኛውን ካጠፋሁ፣ ክፍት የሆነለት ከምን በኋላ እንደሆነ አላውቅም።»

«እና ገባ?»

«አልገባም።» ድምፁ ውስጥ ቁጭት ነበረበት። «ዘጠነኛው ላይ በሩ ጋ ቆሟል። መጨረሻ ላይ በሩ ሲዘጋ ይሰማል፣ አለቀ። ሁልጊዜ የምናደደው እዚያ ላይ ነው። ጥሩ መዝሙር ነው አልልዎትም፣ መሪጌታ። ደጃፉ ድረስ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ በገናውን ነው የምከፍተው።»

ውጭ ባጃጁ መጥቶ ክላክስ አደረገ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጾምህን ሽረሃል» አሉ መሪጌታ። «እሱን ለንስሐ አባትህ ትነግራለህ፣ የሚሰጥህን ቀኖና ትፈጽማለህ። ያ ሚሞሪ ከበዓሉ በኋላ እስክጠራህ ድረስ እኔ ጋ ይቀመጣል። ከበሮው ላይ ጠበል ይረጫል።» ተነፈሱ። «ከበሮው ግን አልተመታም። እዚሁ ይቆይ። የቀረውን ያለ ዘፈን ትወጥራለህ፤ በመዳፍህ፣ በገዛ ድምፅህ። ትንሣኤ ላይ ካልጮኸልህ በሕዝቡ ፊት የምታፍረው አንተ ነህ።»

ፋሲል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

እጃቸውን ለህሊና ሰጥተው ሲወጡ እኔ ጋ ቆም አሉ። «ስድስተኛው ሲያልቅ ትንፋሽህ ቆሞ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ምን ልታደርግ እንደነበር ሰምቻለሁ። ባለማድረግህ ነው ባጃጁ ባዶውን የሚመለሰው። ዛሬ ብዙ እውነት ተናግረሃል፤ ልማድ ስለሌለህ እንዳያምህ ሄደህ ተኛ።»

የሕማማት ሳምንት ሙሉ ፋሲል በሩን ዘግቶ ዋለ። እትዬ ዘቢደር ግድግዳው ማዶ ሲያዜም ይሰሙታል፤ ቀጭን ድምፁን ሲያወፍር፣ ሲያቅተው፣ ሲያስለው። ማር በሙቅ ውኃ ላኩለት። ጤፉ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አልነገረንም።

ትንሣኤ ላይ በአባቱ ቦታ ቆመ፣ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ መታው። ጮኸ። ቀኝ ጎኑ ትንሽ ረገብ ብሏል ያሉ አሉ። እኔ ጉርሙ ማሳ ድረስ ተሰማ እላለሁ። ጉርሙ አልሰማሁም ይላል፤ ተኝቶ ነበር።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ፋሲል እኔ ኪዮስክ ተቀምጦ ሳለ መሪጌታ በህሊና እጅ መጡ። ሚሞሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ዘጠነኛው ላይ አይገባም ብለኸኝ ነበር» አሉት።

«አዎ፣ በሩ ይዘጋበታል።»

«ህሊና መጨረሻውን ደጋግማ ከፈተችልኝ። ነፋስ አለ አይደል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሥር የሚሰማው?»

«አለ።»

«በሩ ሲዘጋ ነፋሱ ይርቃል። የሰውዬው ትንፋሽ ግን አይርቅም፤ ከእኛ ጋር ነው።» መቋሚያቸውን አነሡ። «በሩ የተዘጋው ከውስጥ ነው፣ አንተ ልጅ። በደንብ አልሰማኸውም።»

ሄዱ። ፋሲል ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ሚሞሪውን ከተተና ስፒከሩ ላይ ተደፋ።

«ተራ ጠብቅ እንጂ» አልኩት። «ደንበኛ አለኝ።»

«ዝም በል» አለኝ። «እየሰማሁ ነው።»